የጋሽ ወልደጊዮርጊስ ግምት

ባሏ ሠርፀ ከሞተ ወዲህ በዛብሽን ያያት ሁሉ «እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት!» ይላል። ጠንካራ አይደለችም። ደንዝዛለች። ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ለቀስተኛ ደግሞ ከሩቅ ማየት ይወዳል። ጠጋ ብሎ የጠየቃት ሰው ቢኖር፣ ጄኔሬተር ከጠፋ በኋላ «በሩን እንዳትከፍቱት፣ ቅዝቃዜው ይወጣል» የሚባልለት ፍሪጅ ሆኛለሁ ትለው ነበር። የጠየቃት አልነበረም።

እሷና ሠርፀ፣ ከሠርፀ ታናሽ ወንድም ከምንያህል ጋር ጁባ፣ አማራት ሰፈር ውስጥ ሆቴል አላቸው። ሠርፀ ሕንፃውን አቆመ፤ በዛብሽ ወጥ ቤቱንና መኝታ ክፍሎቹን ያዘች፤ ምንያህል መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ዕቃ እየላከ፣ ኋላ ራሱ መጥቶ ባሩን ያዘ። ሆቴሉ ካስገኘው ደግሞ ወንድማማቾቹ አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ በሁለቱም ስም አንድ ቤት ሠሩ። የበዛብሽ ልጅ ወንጌል ከአክስቷ ጋር የምትኖረው እዚያ ነው። ትምህርት ቤቷ ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ደወሉ ሲደወል አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማዋለች፤ በስልክም እናቷን የምታስቀው በዚያ ነው፤ «ደወል የሚቀሰቅሰኝ ተማሪ እኔ ብቻ ነኝ» እያለች።

አርባው ካለፈ በኋላ ምንያህል ሽማግሌ ሰብስቦ ሐሳቡን ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ።

«እትዬ፣ ይኼን ሆቴል ያቆማችሁት አንቺና ወንድሜ ናችሁ፤ ላባችሁ አለበት። ሆቴሉን አንቺ ውሰጂ። እኔ የአዲስ አበባውን ቤት ልውሰድ። ሁለቱን ጋሼ ይገምቱልን። የሆቴሉ መብለጡ መቼም አይቀርም፤ ከበለጠ ልዩነቱን አልጠይቅሽም። ለወንጌል ይሁንላት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዐይኑን በመሐረብ ጠረገ። ሌላው «ወንድም ማለት እንዲህ ነው! በዚህ ዘመን!» አለ። በዛብሽ ራሷን ነቀነቀች። ሰማሁ ለማለት ነበር፤ ሁሉም የተስማማች መሰለው።

«ጋሼ» የተባሉት ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ናቸው፤ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ለብድር የሚያዙ ቤቶችን ሲገምቱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ መሐንዲስ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ጁባ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ ሐበሻው አልለቃቸውም። የእድሩ ሰብሳቢ እሳቸው፣ የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ እሳቸው፣ የሠርፀ አስከሬን ወደ አገሩ እንዲገባ ከቢሮ ቢሮ በዚያ ሐሩር የተንከራተቱ እሳቸው። እንዲህ ያለ ሰው «ያለ ምንም ክፍያ እኔ እገምትላችኋለሁ» ሲል፣ ሌላ ሰው መፈለግ ድፍረት ነው። የአማርኛም ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ቤትም ይገመታል፣ ሰውም ግምት ይሰጠዋል። ለቤትሽ ሌላ ገማች ከፈለግሽ ሽማግሌውን ግምት ነሳሽ ማለት ነው። ደፍሮ የሚነጣጥላቸው ማን ነው?

በማግሥቱ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ሜትራቸውን ኪሳቸው ከተው መጡ። ሥራቸውን በፍቅር ነው የሚሠሩት። ግድግዳውን በጣታቸው ቋ ቋ ያደርጋሉ፤ ጆሯቸውን ይሰጡታል፤ እንደ ሐኪም «እሺ» ይሉታል። በዛብሽ ቁልፍ ይዛ ትከተላለች።

«ይኼ ኮለን ባለ ስንት ፌሮ ነው ልጄ?»

«ባለ አሥራ አራት፣ ጋሼ።»

«ሠርፀ እኮ ሥራ ያውቃል! ሴፕቲክ ታንኩስ?»

«ከጀርባ ነው።»

«ኮርኒሱ ጂፕሰም ነው… ደግ… ሴራሚኩ የቻይና ነው፣ ግድ የለም።»

የእንግዳ መቀበያዋ ማርቲ ከባንኮኒዋ ጀርባ አንገቷን አስግጋ «ጋሼ፣ እኔንም ይገምቱኝ እስቲ፤ ስንት አወጣለሁ?» አለቻቸው።

«አንቺ የእርጅና ቅናሽ የለብሽም፤ ውድ ነሽ» አሏት። ሳቁ። ደስ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ይኼም ነገሩን አከበደው።

ግቢው ውስጥ የውጭውን ግድግዳ ሲለኩ ባለመሬቱ ሱሌይማን ገባ። የጁባ ተወላጅ ሽማግሌ ነው፤ በየሳምንቱ ብቅ እያለ ሻይ በብዙ ስኳር ጠጥቶ ይሄዳል። ሜትሩን ሲያይ ደስ አለው።

«ማማ በዛ፣ ቀለም ልትቀቡ ነው? ነጭ አትቀቡብኝ! ልጄ ነጭ አይወድም። አቧራ ያሳያል ይላል።»

«ልጅህ ምን አገባው?» አለች ማርቲ በበሩ በኩል።

«ቤት ዴ ታይ!» አለ ሱሌይማን፣ ግድግዳውን በመዳፉ እየመታ። ቤቱ የኔ ነው ማለቱ ነው። «አራት ዓመት ምን አላት? መጣች። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ እስከዚያ ነጭም ይሁን።»

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስም ስቀው ወደ መለካታቸው ተመለሱ።

በዛብሽ አልሳቀችም፤ አልከፋትምም። ሱሌይማን የመታውን ቦታ ታየው ጀመር። እውነቱን ነው። የውጭ ሰው እዚህ መሬት አይገዛም፤ ይከራያል። ውላቸው የአሥራ አምስት ዓመት ነበር፤ ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱ ላይ የቆመው ሁሉ ለባለመሬቱ ይቀራል ይላል። ውሉ ሲፈረም ምንያህልም ነበር፣ እሷም ነበረች፣ ከፊርማው በኋላ ፍየል ታርዶ ተበልቷል። የተደበቀ ነገር የለም። ሰው ሞቱን እንደሚያውቅ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚቆጥረው ግን የለም።

ያን ቀን እሷ ቆጠረችው። አራት ዓመት። ወንጌል ሁለተኛ ደረጃን ሳትጨርስ ሆቴሉ ለሱሌይማን ልጅ ይሆናል፤ የአዲስ አበባው ቤት ደግሞ ቀድሞ የምንያህል ሆኗል። እናትና ልጅ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፤ ይኼ የሚሆነው በደግነት፣ በምርቃት፣ በሽማግሌ እንባ ታጅቦ ነው።

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ስለ ፌሮው ጠየቁ፤ ስለ ሴራሚኩ ጠየቁ። ውሉ ስንት ዓመት ቀረው ብለው አልጠየቁም። ስንፍና አይደለም። እሳቸው በኖሩበት አገር መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የባንክ ገማች የሚቆጥረው ከመሬት በላይ የቆመውን ነው። የቆመ ቤት ደግሞ በእሳቸው ሒሳብ ቆሞ ይኖራል።

ግምቱ በተነበበ ዕለት ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ የጁባው ሆቴል የአዲስ አበባውን ቤት እጥፍ አወጣ።

«እንዳልኩት ነው» አለ ምንያህል። «ልዩነቱን አልፈልግም።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ! አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ? እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንፈርማለን» አሉ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ።

እዚህ ላይ ጉልበት ስሞ ማመስገን ነበር የሚጠበቅባት። ዱሮ ታደርገው ነበር። የማትወደውን ወጥ «እንዴት ይጣፍጣል!» እያለች ያደገች ሴት ናት። ግን ከሠርፀ ጋር የተቀበረ ሌላ ነገር ቢኖር ይሉኝታዋ ነው፤ ብትፈልገውም በቦታው የለም።

«ጋሼ፣ ፈቃድ አለዎት?» አለች።

«የምን ፈቃድ?»

«የገማችነት። እዚህ አገር የሚሠራ።»

አንደኛው ሽማግሌ ሻዩን ሳያንኳኳ አስቀመጠ።

«ልጄ፣ እኔ ባንክ ቤት ጠጉሬን ነው ያሸበትኩት። የሸራተን ጎረቤት ቪላዎችን ገምቻለሁ!»

«አውቃለሁ። እዚያ ነው። በተከራየ መሬት ላይ የቆመ ቤት ገምተው ያውቃሉ?»

«ቤት ቤት ነው!»

«ይኼኛው አራት ዓመት ነው የቀረው፣ ጋሼ።»

«ውል ይታደሳላ! ሱሌይማን ወዳጃችን አይደለም?»

«ሱሌይማን ቀለም እየመረጠ ነው።»

ምንያህል ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ «ይቅርታ አድርጉላት፤ ሐዘኑ ነው» አለ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ግምት ነሳሽኝ፤ በአደባባይ። ባልሽን በትከሻዬ ተሸክሜ…»

«ግምት አልነሳሁዎትም ጋሼ። ግምት ነው የጠየቅሁት።»

ተነሥተው ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። የሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ስትቆም፣ ከአጠገቧ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። በዛብሽ አየች። ያማል ብላ ጠበቀች፤ አላመመም። የደነዘዘ ድድ ላይ እንደሚነቀል ጥርስ ነው፤ ድምፁ ይሰማል፣ ሕመሙ የሌላ ሰው ነው።

ገማች ፍለጋ እንግዲህ እንዲህ ተጀመረ። ማን እንደሚሻል የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ዘመድ አለው። መጀመሪያ የመጣው ሰውዬ ሱፍ ለብሶ፣ ሦስት ዓይነት ማኅተም በቦርሳው ይዞ ነበር። ቁጭ ከማለቱ «ስንት እንዲሆንልሽ ትፈልጊያለሽ፣ ሲስተር?» አላት። ሻይ አስጠጥታ ሸኘችው። ሁለተኛው ቁጥሩን ቀድሞ አልተናገረም፤ ክፍያው ግን ከግምቱ መቶኛ እንዲሆን ፈለገ። ይኼ ሰው ቤቱ ባደገ ቁጥር አብሮ እንደሚወፍር ለመረዳት መማር አያስፈልግም። እሱም ሻይ ጠጣ።

ሦስተኛዋን የነገራት ሆቴሉ ውስጥ የሚያድር አንድ የድርጅት ጠበቃ ነው። ዶርቃ ትባላለች። ወላጆቿ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው ጋምቤላ ካምፕ ውስጥ ወለዷት፤ አማርኛ እዚያ ትምህርት ቤት ተማረች፤ ሙያውን ካምፓላ። በስልክ ሲገናኙ መጀመሪያ ያለችው ነገር በዛብሽን ገረማት።

«የመዝገብ ቁጥሬን እልክልሻለሁ። የመዘገበኝ ቢሮ ካምፓላ ነው፤ ስልኩ ይኸው። ደውለሽ ጠይቂ፣ ዶርቃ የምትባል አለች ወይ በይ። እዚህ የምሠራበትንም ወረቀት ስመጣ ታያለሽ። ሳትደውዪ ግን አልመጣም።»

«ለምን?»

«ኋላ ግምቱ ሲያስቀይማችሁ ሁላችሁም ትደውላላችሁ። አሁን ይሻላል።»

በዛብሽ ደወለች፤ ዶርቃ መዝገባቸው ላይ አለች።

ዶርቃ የመጣች ዕለት ማርቲ ከመቀበያው ወደ ውስጥ ጮኸች፤ «እትዬ! ገማች መጥታለች!»

ከወጥ ቤት አንዷ «ማን ናት የገማችው?» ብላ መለሰች።

«እኔ ነኝ» አለች ዶርቃ፣ በሩ ላይ ቆማ አቧራዋን እያራገፈች። «ከጀበል ድረስ በቦዳ ሞተር ነው የመጣሁት። ብገማም አይፈረድብኝም፤ ኻላስ፣ በቃ።»

ወጥ ቤቱ በሳቅ ተንጫጫ። በዛብሽም ስቃ ነበር፤ ያወቀችው አፏ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ዶርቃ ግድግዳ አልነካችም። ተቀምጣ መጠየቅ ጀመረች፤ ግምቱ ለምን ነው የሚፈለገው? ለክፍፍል። ከማን ጋር? ከባሌ ወንድም። እሱስ እኔን ያውቃል?

«አያውቅም። ምን ያደርጋል? የምከፍልሽ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ገማች አይደለሁም፤ ጠበቃሽ ነኝ። ጥሪውና ሁለታችሁም ፈርሙ። ክፍያዬም ተቆርጦ ይታወቅ፤ ቤቱ ቢወደድም ቢረክስም ያው ነው። ከባለመሬቱ ጋርም ዝምድና የለኝም፤ እሱንም እጽፋለሁ።»

ምንያህል ተጠርቶ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። «ለአንድ ወንድም ይኼ ሁሉ?» አለ፤ ግን ፈረመ። የሚደብቀው ስለሌለው ነው የፈረመው፤ በዛብሽም ይኼን አይታለታለች።

«አሁን ውሉ የታለ?» አለች ዶርቃ። «ስንት ዓመት ቀረው?»

ቀኑን ሙሉ ስትጠይቅ ዋለች። ስንት ክፍል በወር ይያዛል? ለጄኔሬተር ናፍጣ ምን ያህል ይወጣል? ለውኃስ? በአካባቢው እንዲህ ያለ ቤት ሰው በስንት ይከራያል? ግድግዳውን ያየችው ወደ ማምሻው ላይ ነው፤ እሱንም አልቆረቆረችም። የአዲስ አበባውን ቤት ራሷ አልገምትም አለች፤ ያንን እዚያ ፈቃድ ያለው ሰው ይገምተው ብላ ስም ሳትሰጥ፣ ምን ምን ብለው እንደሚጠይቁት ብቻ ነግራቸው ሄደች። እንደተባለውም እዚያው አስገመቱት። የጋሽ ወልደጊዮርጊስን ቁጥር አካባቢ ነው ያወጣው፤ በአገራቸው ነገር አልተሳሳቱም።

ውጤቱ ሲነበብ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ አይመጡም ሲባል መጡ። ሁሉም ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው፤ ጥግ ያለችውን ወንበር መረጡ። «ለመስማት ነው የመጣሁት። ዳኛ አይደለሁም» አሉ።

ዶርቃ ብዙ አላስረዘመችም። የሆቴሉ ዋጋ በቀሩት አራት ዓመታት ውስጥ ወጪው ተቀንሶ የሚያስገባው ነው፤ ውሉ ይታደሳል የሚል የተጻፈ ነገር እስካላየች ድረስ አይታደስም ብላ ነው ያሰላችው።

«ሕንፃውስ?» አለ ምንያህል። «ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ሲሚንቶ?»

«ከአራት ዓመት በኋላ የባለመሬቱ ነው። የሰው ግድግዳ ለእናንተ አልገምትም።»

ሆቴሉ የአዲስ አበባውን ቤት ግማሽ እንኳን አልሞላም።

ምንያህል ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ገልብጦም ጀርባውን አየ፤ ጀርባው ባዶ ነው። ከዚያ አለቀሰ። በቀብሩም በአርባውም እንዲህ አላለቀሰም።

«ወንድሜ ዕድሜውን እዚህ ጨርሶ፣ የተወልን አራት ዓመት ብቻ ነው? እትዬ… እኔ እኮ ልጅቷን ከቤቷ ላስወጣ፣ ሰው ሲመርቀኝ አሜን እያልኩ… እግዜር ያውቃል አላወቅሁም።»

«ታውቅ ነበር» አለችው። አልተቆጣችም፤ ለእንግዳ የክፍል ቁጥር እንደምትነግር ነው የነገረችው። «እኔም አውቅ ነበር። አብረን ነው የፈረምነው። አልቆጠርነውም።»

የሚበጀውን ያመጣችውም እሷው ናት። ሆቴሉም ቤቱም እንደነበሩ የጋራ ይሁኑ። አራቱን ዓመት አብረን እንሥራ፤ ገቢውን እኩል እንካፈል፤ ወንጌል ካለችበት አትነቃነቅ፤ ቤቱን የምንካፈለው ሆቴሉ ለባለመሬቱ ሲመለስ ነው። ምንያህል ሳያነብ ሊፈርም እስክሪብቶ አነሣ። «አንብበው» አለችው፤ አነበበው፤ ፈረመ። ወንጌል በደወሏ ልትነቃ ነው፤ ገና አራት ዓመት።

ሽማግሌዎቹ ሲበተኑ በዛብሽ ጋሽ ወልደጊዮርጊስን እስከ ግቢው በር ሸኘቻቸው። የሸኘችው ደግሞ ስለሚገባ ነው፤ እግሯ ራሱ ያውቀዋል። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይቅር አላልኩሽም» አሉ።

«እሺ ጋሼ።»

«በሥራ ዘመኔ ሁሉ ፈቃድህን አሳየኝ ያለኝ ሰው የለም።»

«ቢሉዎት ደግ ነበር።»

አፈጠጡባት። በዚህች ምላስ ሠርፀ እንዴት ቻላት በልባቸው ሳይሉ አልቀሩም። ወደ መንገዱ ዞሩ፤ አልሄዱም።

«ልጄ ጀበል መጋዘን ሠርቷል» አሉ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ። «በኪራይ መሬት ላይ። የተበደረው በእኔ ግምት ነው። አሁን ደግሞ በመጋዘኑ ሸሪክ ሊያስገባ ነው፣ በዚያው ግምት።»

«ውሉ ስንት ቀረው?»

ላባቸውን በመሐረባቸው ከአንገታቸው ጠረጉ፤ መሐረቡን አጣጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ያቺ ልጅ ጀበል ትሄዳለች?»

«ትሄዳለች።»

ስልካቸውን አውጥተው ሰጧት። ቁጥሩን አስገባችላቸው። ስሙን ግን እኔ ልጻፈው ብለው ተቀበሏትና፣ በአንድ ጣት ፊደል እየፈለጉ፣ ቀስ ብለው «ኢንጂነር ዶርቃ» ብለው ጻፉ። ኢንጂነር አለመሆኗን በዛብሽ ታውቃለች። አላረመቻቸውም።

ሳይሰናበቷት ሄዱ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ወይ ደስታው፣ ወይ ሐፍረቱ፣ ወይ ሠርፀ ራሱ፣ ከሦስቱ አንዱ አሁን ይመጣል ብላ። የመጣው ውኃ የጫነ ታንከር ነው። ጡሩንባውን ነፋ፤ ከመንገዱ ዞር አለችለት።